ባቡሩ ከተጨናነቀ ትኬቱ ይርከስ? 180 ዓመት ያስቆጠረ ክርክር

ባቡር ውስጥ ቆማችኋል እንበል። መቀመጫ የለም። አንድ መያዣ ላይ አራት እጅ ተደራርቧል፤ የሰው ቦርሳ ጎናችሁን ይወጋችኋል። በዚያ ላይ ባቡሩ የመጣው ሃያ ደቂቃ ዘግይቶ ነው። የከፈላችሁት ግን ተመችቶት ተቀምጦ፣ በሰዓቱ ከሚደርስ ሰው ጋር እኩል ነው። «ለዚህ ነው እንዴ የከፈልኩት?» ብትሉ ማን ይፈርድባችኋል? ብዙ ሰው እንዲያውም ከዚህ አልፎ «አገልግሎቱ እስኪስተካከል ድረስ ዋጋው መቀነስ አለበት» ይላል።

ሐሳቡ ፍትሐዊ ይመስላል። ምግብ ቤት ያላበሰለውን ወጥ ቢያቀርብልን ሙሉ ዋጋ ከፍለን አንወጣም። ታዲያ ባቡር ላይ ሲሆን ለምን ዝም እንላለን?

ደግነቱ ይህን ጥያቄ ስንጠይቅ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ባቡር ሰው ማመላለስ ከጀመረ ጥቂት ዓመታት እንኳ ሳይሞሉ ሰዎች በዋጋና በምቾት ጉዳይ ተጨቃጭቀዋል፤ ሕግ አውጥተዋል፤ ቅናሽ ሞክረዋል፤ አንዳንዴም ቅናሹ ያልጠበቁትን ነገር አምጥቶባቸዋል። እስቲ ታሪኩን አብረን እንከተለው። በመንገዳችን ላይ አንድ ነገር እንለያለን፦ «ባቡሩ ሞላ» እና «ባቡሩ ተበላሸ» ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። (አዲስ አበባ እስክንደርስ ድረስ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቶቹ ግን በእኛው አቆጣጠር ናቸው።)

ርካሽ ትኬት፣ ክፍት ፉርጎ

ታሪኩ የሚጀምረው እንግሊዝ ውስጥ ነው። ሊቨርፑልን ከማንቸስተር የሚያገናኘው የባቡር መስመር በ1830 ተከፈተ። ባለሀብቶች ትርፉን አይተው ተሽቀዳደሙ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አገሪቱ በሃዲድ ተሸፈነች። ተሳፋሪው በማዕረግ ተከፋፈለ። አንደኛ ማዕረግ ለሀብታም፣ ሁለተኛ ማዕረግ ለመካከለኛው፣ ሦስተኛ ማዕረግ ደግሞ ለደሃው።

ሦስተኛ ማዕረግ ስንል ጠንካራ ወንበር ያለው ክፍል እንዳይመስላችሁ። በብዙ መስመሮች ላይ ጣሪያ የሌለው ክፍት ፉርጎ ነበር። ዝናቡም፣ ብርዱም፣ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ፍንጣሪ እሳትም የሚያርፈው ተሳፋሪው ላይ ነው። አንዳንዱ ኩባንያ ሦስተኛ ማዕረግን ከሰው ባቡር ጋር እንኳ አያስኬደውም፤ ከዕቃ ባቡር ጋር ይቀጥለዋል።

ይህ ምን እንዳስከተለ በታኅሣሥ 1841 ታየ። በገና ዋዜማ ሌሊት አንድ የዕቃ ባቡር ከለንደን ወደ ብሪስቶል ተነሣ። ከእንፋሎት ሞተሩ ቀጥሎ ሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች የተጫኑባቸው ክፍት ፉርጎዎች አሉ፤ ከእነሱ ኋላ ከባድ የዕቃ ፉርጎዎች ተቀጥለዋል። ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎቹ ግንበኞች ነበሩ። በዚያን ጊዜ ይሠራ በነበረው አዲሱ የፓርላማ ሕንፃ ላይ ሲሠሩ ከርመው ለበዓል ወደ ቤታቸው እየሄዱ ነው። ሶኒንግ የሚባለው ቦታ ሲደርሱ በዝናብ የተናደ አፈር ሃዲዱን ዘግቶታል። ሞተሩ አፈሩ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ከኋላ ያለው ዕቃ ግን አልቆመም፤ መካከል ያሉትን ሰዎች ጨፈለቃቸው። የፉርጎዎቹ ግድግዳ በጣም አጭር ስለነበረ አንዳንዶቹ ተስፈንጥረው ወጡ። በድምሩ 9 ሰዎች ሞቱ።

እነዚህ ሰዎች ርካሽ ትኬት ነበራቸው። ርካሽነቱ ግን ከሌላ ቦታ የመጣ አይደለም፤ ከደኅንነታቸው ላይ ተቀንሶ ነው። ይህን አስታውሱት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ዋጋና ጥራት በአንድ ሕግ

የእንግሊዝ ፓርላማ በ1844 አዲስ የባቡር ሕግ አወጣ። ሕጉን ያዘጋጀው የንግድ ጉዳዮችን የሚመራው ዊልያም ግላድስተን ነው፤ ኋላ አራት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ሰው። ሕጉ ከዚያ በኋላ ፈቃድ የሚያወጣ ማንኛውም የተሳፋሪ ባቡር ኩባንያ የሚከተለውን እንዲያደርግ አዘዘ፦ በየመስመሩ በቀን ቢያንስ አንድ ባቡር በሁለቱም አቅጣጫ ይሂድ፤ በየጣቢያው ይቁም፤ ማቆሚያውን ጨምሮ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ12 ማይል (19 ኪሎ ሜትር ገደማ) አይነስ፤ ፉርጎው መቀመጫ ይኑረው፣ ከዝናብና ከንፋስም ይከልል፤ ዋጋውም ለአንድ ማይል ከአንድ ፔኒ አይብለጥ።

ልብ በሉ፤ ሕጉ «ዋጋ ቀንሱ» ብቻ አላለም። ቢል ኖሮ ኩባንያዎቹ ምን ያደርጉ ነበር? ክፍቱን ፉርጎ ይዘው ይቀጥሉ ነበር፤ ምናልባትም ወንበሩን ይነቅሉ ነበር። ሕጉ ዋጋን፣ ፍጥነትን፣ መቀመጫንና ጣሪያን በአንድ ገመድ አሰረ። በምትኩ መንግሥት ከእነዚህ ባቡሮች የትኬት ሽያጭ ይሰበስብ የነበረውን ግብር ተወላቸው። ማለትም የቅናሹን ዕዳ ከፊሉን መንግሥት ተሸከመ።

ኩባንያዎቹ ደስ አላላቸውም። «የፓርላማ ባቡር» የሚል ስም የወጣላቸውን እነዚህን ባቡሮች ብዙዎቹ ሆን ብለው በማይመች ሰዓት፣ ወይ በማለዳ ወይ በማታ ያስኬዱ ነበር። ሕጉን በቃሉ ማክበርና በመንፈሱ ማክበር ልዩነት አለው፤ አይደል?

ባዶ ወንበርና ሙሉ ወንበር

ከ28 ዓመት በኋላ አንድ ኩባንያ ተቃራኒውን አደረገ። ሚድላንድ የሚባለው የባቡር ኩባንያ በ1872 ሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎችን በሁሉም ባቡሮቹ ላይ፣ ፈጣኖቹን ጨምሮ፣ መጫን ጀመረ። ተፎካካሪዎቹ «አበደ እንዴ?» አሉ። ኩባንያው አላቆመም፤ በ1875 ሁለተኛ ማዕረግን ጭራሽ አስቀርቶ፣ የአንደኛ ማዕረግን ዋጋ ቀንሶ፣ ሦስተኛ ማዕረጉን አሻሻለው። ውሎ አድሮ ሌሎቹም ተከተሉት።

ይህ እንዴት አዋጣ? ምክንያቱ ቀላል ነው። ግማሽ ባዶ ሆኖ የሚሄድ ባቡር የሚያቃጥለው ከሰል ሞልቶ ከሚሄደው ብዙም አያንስም። የነጂው ደመወዝ ያው ነው፤ ሃዲዱም ያው ነው። ስለዚህ ባዶ ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ ተጨማሪ ተሳፋሪ ትንሽ ቢከፍልም ትርፍ ነው።

ግን እኮ የዚህ ሁሉ መነሻ ባዶ ወንበር መኖሩ ነው። ወንበሩ ሞልቶ ሰው በቆመበት ባቡር ላይ ዋጋ ብትቀንሱ ምን ይሆናል? የዚህን መልስ ያሳየን የለንደን ምሥራቃዊ ክፍል ነው።

የሁለት ፔኒ ባቡር

ግሬት ኢስተርን የተባለው ኩባንያ በለንደን መሃል ሊቨርፑል ስትሪት የተባለውን ትልቅ ጣቢያ ለመሥራት ፈለገ። ቦታው ላይ ግን ሺዎች ደሃ ሠራተኞች ይኖሩ ነበር። በ1864 ፓርላማው ቤቶቹ እንዲፈርሱ ሲፈቅድ አንድ ግዴታ አስገባ፤ ኩባንያው ራቅ ካሉት እንደ ኤድመንተንና ዎልተምስቶ ካሉ አካባቢዎች ሠራተኞችን ደርሶ መልስ በሁለት ፔኒ ያመላልስ። በ1883 ደግሞ ሌላ ሕግ ወጥቶ የሠራተኛ ባቡር በአገሪቱ በሙሉ ተስፋፋ።

ቅናሹ ሠራ። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ሠራ። ርካሽ ባቡር ስላለ ሰው ወደዚያ አካባቢ ጎረፈ። የዎልተምስቶ ነዋሪ በ1871 ወደ 11 ሺህ ነበር፤ በ1901 ወደ 95 ሺህ ደረሰ። ለብዙ ቤተሰብ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ከተጨናነቀው የከተማ መሃል ወጥተው ለብቻቸው ቤት ተከራዩ። ባቡሩ ግን ከሞላ በኋላ ሞላ።

የሠራተኛ ትኬቱ የሰዓት ገደብ ነበረው፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ በፊት መድረስ ነበረባችሁ። ምን ሆነ መሰላችሁ? ሥራቸው 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ የሚጀምር ደመወዛቸው አነስተኛ የሆነ ጸሐፊዎችና ወጣት ሴት ሠራተኞችም ርካሹን ትኬት ፍለጋ በማለዳ ይመጡ ጀመር። ከዚያ ቢሮ እስኪከፈት በብርድ መንገድ ላይ ይቆማሉ። ጣቢያው አካባቢ ያሉ አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ማረፊያ እንዲሆኑላቸው በማለዳ በራቸውን ይከፍቱላቸው ነበር።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ በጥድፊያ ሰዓት የሚሰጥ ቅናሽ ጥድፊያውን አይቀንሰውም፤ ይጨምረዋል። ሁለተኛ፣ ሰው ለዋጋ ብሎ የጉዞ ሰዓቱን ይቀይራል፤ ግን አሠሪው የሥራ ሰዓቱን ካልቀየረለት ልዩነቱን የሚከፍለው በራሱ እንቅልፍ ነው።

የእነዚህ መስመሮች መጨናነቅ የተቃለለው በዋጋ አይደለም። በ1920 ኩባንያው ወደ ኤንፊልድና ቺንግፈርድ የሚሄደውን አሠራር ከሥሩ ቀየረው። ባቡር ጣቢያ ገብቶ ሲቆም ያመጣው ሞተር እስኪዞር አይጠበቅም፤ ሌላ ሞተር ተዘጋጅቶ በሌላው ጫፍ ይቀጠላል። ተሳፋሪው በሩን ሲፈልግ ጊዜ እንዳያባክን የየማዕረጉ ክፍል ላይ ባለቀለም መስመር ተቀባ። በዚህም በጥድፊያው ሰዓት በአንድ ሰዓት 24 ባቡር ማስነሣት ተቻለ። በቀለሞቹ የተነሣ ጋዜጦች «የጃዝ ባቡር» አሉት። ሃዲዱ በኤሌክትሪክ ይሠራ ቢባል ሚሊዮኖች ፓውንድ ይፈጅ ነበር፤ ይህ ግን በጥቂቱ ዋጋ ብዙ ቦታ ፈጠረ።

ሂሳቡን አብረን እንሥራ

እስካሁን ያየነውን በቁጥር እንፈትሸው። የትራንስፖርት ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት አንድ የቆየ የግምት ቀመር አለ፤ ከአሜሪካ ከተሞች ልምድ የተወሰደ ነው። ዋጋ በ10 በመቶ ሲጨምር ተሳፋሪ በ3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል ይላል። ሲገለበጥ፣ ዋጋ በ10 በመቶ ሲቀንስ ተሳፋሪ በ3 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ቁጥሩ ከከተማ ከተማ፣ ከሰዓት ሰዓት ይለያያል፤ ለማሰቢያ ግን ይበቃናል።

አንድ መስመር በጠዋቱ ጥድፊያ 1000 ሰው በ10 ብር ያጓጉዛል እንበል። ገቢው 10,000 ብር ነው። ዋጋውን ወደ 9 ብር አወረድነው። አሁን 1030 ሰው ይመጣል፤ ገቢው 9,270 ብር ይሆናል።

ምን አተረፍን? ቀድሞም መቆሚያ ያልነበረበት ባቡር ላይ 30 ሰው ጨመርን። መለዋወጫ ለመግዛትና ፉርጎ ለመጨመር ከሚያስፈልገው ገንዘብ ደግሞ 730 ብር አጎደልን። መጨናነቁን ለማካካስ የሰጠነው ቅናሽ የነገውን መጨናነቅ አባሰው ማለት ነው።

በቅርቡ ጀርመን ውስጥ የታየውም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ 2022 ድረስ መንግሥት በወር 9 ዩሮ ብቻ በመላ አገሪቱ በአካባቢ ባቡርና አውቶቡስ የሚያስኬድ ትኬት አወጣ። ዓላማው የኑሮ ውድነትን ማቃለል ነበር፤ በዚያ ረገድ ብዙ ሰው ረድቷል። ወደ 52 ሚሊዮን ትኬት ተሸጠ። ነገር ግን በበዓል ቀናት ባቡሮቹ ጢም ብለው ሞሉ፤ ብስክሌት የያዘ መንገደኛ የማይገባበት ጊዜ ነበር። ለኩባንያዎቹ የጎደለውን ገቢ ለመተካት የፌዴራሉ መንግሥት 2.5 ቢሊዮን ዩሮ መድቧል። ርካሹ ትኬት ነጻ አልነበረም፤ ከፋዩ ብቻ ነው የተቀየረው።

የኒው ዮርክ አምስት ሳንቲም

«ዋጋው ይቀነስ» ከሚለው ጋር የሚዛመድ ሌላ ጥያቄ አለ፦ «ዋጋው በፍጹም አይጨመር» የሚል። ኒው ዮርክ ይህን በረዥሙ ሞክራዋለች። የከተማዋ የምድር ውስጥ ባቡር በጥቅምት 1904 ሲከፈት ትኬቱ 5 ሳንቲም ነበር። በ1948ም 5 ሳንቲም ነበር። አርባ አራት ዓመት ሙሉ!

በእነዚያ ዓመታት ሁለት የዓለም ጦርነቶች አለፉ፤ የዳቦውም፣ የብረቱም፣ የደመወዙም ዋጋ ናረ። ፖለቲከኞች ግን «አምስት ሳንቲሟን አላስነካም» እያሉ ምርጫ ያሸንፉ ነበር። ለሠራተኛው ሕዝብ ጥሩ ወሬ ነው። ባቡሮቹን ያስኬዱ ከነበሩት የግል ኩባንያዎች ትልቁ በ1932 ዕዳውን መክፈል አቅቶት በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር ገባ። በ1940 ከተማዋ መስመሮቹን ገዛቻቸው፤ ዕዳውም፣ ያረጁት ፉርጎዎችም አብረው መጡ። በመጨረሻ በ1948 ዋጋው በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆኖ 10 ሳንቲም ገባ።

እንግዲህ ሶኒንግን አስታውሱ። ርካሽነት ከየት እንደተቀነሰ ካልጠየቅን አንዳንዴ ከጣሪያው፣ አንዳንዴ ከጥገናው፣ አንዳንዴም ከነገው ተሳፋሪ ላይ ተቀንሶ እናገኘዋለን።

ሃምሳ ሎሚ

ታዲያ ዋጋ ለመጨናነቅ ምንም አይጠቅምም ማለት ነው? አይደለም። እዚያው ኒው ዮርክ ዊልያም ቪክሪ የሚባል የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚስት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሌላ ሐሳብ አቀረበ፦ ዋጋው ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት መሆን የለበትም፤ ባቡሩ ሲሞላ ይወደድ፣ ባዶ ሲሆን ይርከስ። በዚያን ጊዜ ሐሳቡን የሰማ አልነበረም። ቪክሪ በ1996 የኖቤል ሽልማት አሸነፈ፤ ሽልማቱ በተነገረ በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ሐሳቡን የእኛ አባቶች በአንድ ተረት ጠቅልለው አስቀምጠውታል፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አንድ ሺህ ተሳፋሪ በአንድ ባቡር ላይ ሸክም ነው፤ በአራት ባቡር ላይ ሲበተን ገቢ ነው።

የአውስትራሊያዋ ሜልቦርን በ2008 ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ጉዞውን የሚጨርስ ሰው በነጻ እንዲሄድ ፈቀደች። ከተጠቃሚዎቹ ሰዓታቸውን የቀየሩት ሩብ ያህሉ ነበሩ፤ የቀሩት ድሮም ማለዳ የሚሄዱ ናቸው። ሲንጋፖር ደግሞ ከ2013 ጀምሮ በከተማው መሃል ባሉ የተመረጡ ጣቢያዎች ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ45 በፊት የሚወርድን ሰው አላስከፈለችም፤ ከጥድፊያው ሰዓት ተሳፋሪዎች ወደ 7 በመቶ የሚሆኑት ሰዓታቸውን ቀየሩ። በ2017 መጨረሻ ነጻው ቀርቶ በማለዳ ቅናሽ ተተካ።

7 በመቶ ትንሽ ይመስላል። ግን ከ15 ሰው አንዱ ከባቡሩ ሲወርድ የቀሩት 14ቱ ትንፋሽ ያገኛሉ። አዲስ ፉርጎ ሳይገዛ ማለት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ። ሰዓቱን መቀየር የሚችለው ማነው? ቢሮ የሚሠራ ሰው ምናልባት አለቃውን ማስፈቀድ ይችላል። የፋብሪካ ሠራተኛዋ፣ ነርሷ፣ ጥበቃው፣ ትምህርት ቤት ልጅ የምታደርስ እናት ግን አይችሉም። የጥድፊያውን ሰዓት ዋጋ ከፍ ካደረግነው ቅጣቱ የሚያርፈው ምርጫ በሌላቸው ላይ ነው። ስለዚህ ቅናሹን ባዶው ሰዓት ላይ መስጠት፣ የጥድፊያውን ሰዓት ዋጋ ግን አለማስወደድ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ባቡሩ ሲበላሽስ?

እስካሁን ያወራነው ባቡሩ ስለመሙላቱ ነው። አሁን ወደ ሁለተኛው ችግር እንምጣ፤ ባቡሩ ሲዘገይ ወይም ጭራሽ ሳይመጣ ሲቀር።

በግንቦት 2018 እንግሊዝ ውስጥ አዲስ የባቡር የጊዜ ሰሌዳ ሥራ ላይ ዋለ። ሃዲድ የማሻሻል ሥራ በጊዜው አላለቀም፤ ሰሌዳው ዘግይቶ ተዘጋጀ፤ ነጂዎች ለአዲሶቹ መስመሮች በበቂ ሁኔታ አልሠለጠኑም። በሰሜን እንግሊዝና በለንደን ዙሪያ ባሉ መስመሮች ላይ በከፋው ጊዜ በቀን እስከ 780 ባቡሮች ተሰረዙ። ሰዎች ከሥራ ተባረሩ፣ ፈተና አመለጣቸው፣ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት በሰዓቱ መውሰድ አልቻሉም። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጉዳዩን መርምሮ ሲጨርስ ያገኘው ነገር አስገራሚ ነበር፤ ብዙ ተቋማት ነበሩ፣ ሁሉንም አይቶ ኃላፊነቱን የወሰደ ግን አልነበረም።

እዚህ ላይ ተሳፋሪው የገዛውን ነገር አላገኘም። ወርሃዊ ወይም ዓመታዊ ትኬት የገዛ ሰው ገንዘቡን አስቀድሞ ከፍሏል፤ ባቡሩ አልመጣም። ይህ የቅናሽ ጥያቄ አይደለም፤ የዕዳ ጥያቄ ነው። በጣም የተጎዱት ትኬት ያዦች እስከ አራት ሳምንት የሚደርስ ክፍያ እንዲመለስላቸው ተደረገ። ያም ሆኖ በጥር 2019 የአገሪቱ የባቡር ዋጋ በአማካይ 3.1 በመቶ ጨመረ። የተሳፋሪዎቹን ቁጣ መገመት ትችላላችሁ።

በእንግሊዝ በብዙ ኩባንያዎች ዘንድ ከ15 ደቂቃ በላይ የዘገየ ተሳፋሪ ከአንድ ጉዞ ዋጋ ሩቡን፣ ከ30 ደቂቃ በላይ ከሆነ ግማሹን፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ከሆነ ሙሉውን መልሶ መጠየቅ ይችላል። ደህና አሠራር ነው። ሁለት ቀዳዳ ግን አለው። አንደኛ፣ ተሳፋሪው ራሱ ቅጽ ሞልቶ ካልጠየቀ አይከፈለውም፤ ብዙ ሰው ደግሞ አይጠይቅም። ሁለተኛ፣ በሰዓቱ ለደረሰ ግን እንደ ሰርዲን ለታሸገ ሰው ምንም የለውም።

ተመላሽ ገንዘብና ቅናሽ የሚለያዩበትን ቦታ አያችሁ? ቅናሽ ገና ላልመጣው ተሳፋሪ «ና» የሚል ጥሪ ነው። ተመላሽ ገንዘብ ግን ለተጎዳው ሰው ብቻ ይደርሳል፤ አዲስ ሰው ባቡሩ ላይ አይጨምርም። ያጠፋው ኩባንያ ከኪሱ ሲከፍልም ነገ እንዳያጠፋ ምክንያት ይሆነዋል። «ከኪሱ» የምትለው ቃል ግን ወሳኝ ናት። ባቡሩ የመንግሥት ከሆነ የሚከፍለው ግብር ከፋዩ ነው፤ ማለትም ተሳፋሪው ራሱ፣ ባቡር ተሳፍሮ የማያውቀው ገበሬም ጭምር።

ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ

አሁን በዚህ ሁሉ መነጽር የራሳችንን ባቡር እንየው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት፤ ዋጋውም እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ሞላ። ዓመታት ሲያልፉ ከባቡሮቹ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ፤ የትኬቱ ገቢም ወጪውን አልሸፈነም። ባቡር በቀነሰ ቁጥር የቀሩት ይበልጥ ሞሉ፤ ጥበቃውም ረዘመ።

ጠባብ ቦታ ላይ ለቆመው ተሳፋሪ «ዋጋው ይቀነስ» ብንለው ምን እናተርፍለታለን? ከትኬቱ ላይ አንድ ብር ቢቀነስ የቆመው ባቡር አይነሣም። የሚያስነሣው መለዋወጫው ነው። በሌላ በኩል «ኪሳራ ስላለ ዋጋው ይጨመር» ብቻ ማለትም ይጎድላል፤ ተሳፋሪው የጨመረው ብር ምን እንደሠራ ካልታየው የኒው ዮርኩን ፖለቲከኛ ቢመርጥ አይፈረድበትም።

የ1844ቱ ሕግ ያስተማረው እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ዋጋ ለብቻው አይወሰን። «ይህን ያህል ትከፍላለህ» ሲባል «በዚህን ያህል ደቂቃ አንድ ባቡር ይመጣል፤ ካልመጣ ይህን ያህል ይመለስልሃል» የሚለው በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ። ልዩነቱን ማን እንደሚሸፍንም በግልጽ ይነገር።

እንግዲህ የመነሻ ጥያቄያችንን እንመልስ። ባቡሩ በመሙላቱ ብቻ የጥድፊያው ሰዓት ዋጋ ይቀነስ? አይመስለኝም፤ ይብሱን ይሞላል። ባዶው ሰዓት ላይ ይቀነስ? አዎ፣ ሰዓቱን መቀየር የሚችል ሰው እንዲቀይር። ባቡሩ ሲቀር ወይም ሲዘገይስ? ገንዘቡ ይመለስ፤ ተሳፋሪው ሳይለምን፣ ከአጥፊው ላይ።

ከዚህ በኋላ «ዋጋ ይቀነስ» ወይም «ዋጋ ይጨመር» የሚል ክርክር ስትሰሙ ወዲያው ወገን አትያዙ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ባቡሩ የሞላው ነው ወይስ የተበላሸው? ቅናሹ ከየት ላይ ነው የሚቀነሰው? ሰዓቱን መምረጥ የማይችለው ሰውስ ምን ይሆናል? ለሦስቱም መልስ ያለው ሰው ካገኛችሁ ሐሳቡን አዳምጡት።